የተፋቀችው ቁጥር

እሑድ፣ ኖቬምበር 23

ከሲግድ በዓል ወዲህ ደብተሩን ገና ዛሬ ገለጥኩት። ኢየሩሳሌም ቆሜ የዋልኩበት እግሬ አልተመለሰልኝም። ሬዑት ግን እግሬ እስኪመለስ አልጠበቀችም። ራት ላይ ማንኪያዋን አስቀመጠችና “አባ፣ አንድ ሰው አለ” አለችኝ።

ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው። አንድ ሰው ባይኖር ነበር የሚገርመው። ቢሆንም ተነሥቼ ውሃ ጠጣሁ።

“የማን ልጅ ነው?” አልኳት።

ሳቀች። “ይችን እንደምትል ነግሬው ነበር” አለች።

ማታን ይባላል፤ የገዴራው የታዬ ልጅ ነው። ታዬን በሩቁ አውቀዋለሁ፤ ለቅሶ የማይቀር፣ ካልጠየቁት የማይናገር ሰው ነው። ልጁ የፀሐይ ውሃ ማሞቂያ የሚተክልበት የራሱ ሓቫራ አለው አለችኝ። ሓቫራ! በኛ ጊዜ ድርጅት ያለው መንግሥት ብቻ ነበር።

እኔ ካለሁበት ከቂርያት ማላኪ እስከ ያቭነ ልጁን የሚድር ሁሉ “ሰጠኝ ይቁጠረው” እያለ ወደኔ ይመጣል። ሰባት ቤት የምቆጥር እኔ ነኝና። የወንዱን በአባትም በእናትም፣ የሴቲቱንም እንዲሁ፣ እስከ ሰባተኛው አያት እወጣለሁ። ሁለቱ አንድ ስም ላይ ከተገናኙ “ዘመድ ናችሁ፣ ተዉት” እላለሁ። ስንቱን አስማምቻለሁ፤ ስንቱንም አስለቅሻለሁ። ወረቀት አልይዝም፤ አባቴ በቃሌ ነው ያስያዘኝ። አሁን የገዛ ልጄ ተራ ደረሰ።

ሸዋነሽ፣ ብትኖሪ ይህን የማወራ ለአንቺ ነበር። ከሞትሽ አራተኛው ክረምት ነው፤ ለአንቺ የምለውን ለዚህ ደብተር እላለሁ። እኅቴ የሻሽወርቅ “ሚስቱ ብትሞት ደብተር አገባ” እያለች ትስቅብኛለች። ትሳቅ።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 25

ማታን መጣ። ሙሽራ ሆኖ ሳይሆን ጠጋኝ ሆኖ። ጣሪያ ላይ ያለው ዱዳችን፣ የውሃ ማሞቂያው፣ ሁለት ክረምት ሙሉ ሲያንጠባጥብ ነው የኖረው። የጣሪያውን መውጫ ሳላሳየው በቀጥታ ሄደ። ቀልጣፋ ልጅ ነው።

ከወረደ በኋላ ምሳ በላ። ጥሩ አድርጎ በላ፤ ይህን አልክድም። እጁ የሠራተኛ እጅ ነው።

“ብቻህን ነው የምትሠራ?” አልኩት።

“አይ፣ እኛ ሁለት ነን።”

“ሁለተኛው ማን ነው?”

ሬዑትን አየት አደረጋትና “ጎበዝ ሰው ነው፣ አባ” አለኝ። ሬዑት ሳህን ልታጥብ ተነሣች። ሳህኑ ታጥቦ ነበር።

ከዚያ በላይ አልጠየቅሁትም። በኛ ወግ ሰውን ስለ ራሱ ራሱን መጠየቅ ነውር ነው። የሚጠየቅ ጎረቤቱ ነው፣ ዘመዱ ነው። በመስኮት መኪናውን አየሁት፤ ነጭ ናት፣ በጎኗ “ማይም ሓሚም” ተብሎ በትልቁ ተጽፎባታል፤ ሙቅ ውሃ ማለት ነው። ከሥሩ ቁጥር አለ። ሙቅ ውሃ ብሎ ስም ደግሞ! የአባት ስም የሌለው ነገር አላምንም።

ቅዳሜ ማታ፣ ኖቬምበር 29

ሰንበት እንደወጣ የሻሽወርቅን ከያቭነ ይዘን ገዴራ ታዬ ቤት ሄድን። ለቆጠራ።

ታዬ በአባቱ በኩል እንደ ውሃ ፈሰሰ። በእናቱ በኩል ግን ስድስተኛው ቤት ላይ ቆመ። ዓይኑን ጨፈነ፣ ግንባሩን አሸ፤ ስሙ አልመጣ አለ። “እናቴ ብትኖር ነበር” አለ፤ አሳዘነኝ።

“አይጨነቁ፣ ጋሽ ታዬ” አልኩት። “በዚህ በኩል ከጠፋች በዚያ በኩል እናመጣታለን።” አምስተኛው አያቱ እኅት ነበረችው። የዚያች እኅት ልጅ ልጆች ያቭነ ናቸው፤ ባለፈው ዓመት ቆጥሬላቸዋለሁ። እነሱ ወደ ላይ ሲወጡ ፈንቴ ላይ ይደርሳሉ። እንግዲያው የወንድምየውም እናት ፈንቴ ናት። ስሟን ስጠራ ታዬ እንባው መጣ። “ፈንቴ! አዎ፣ ፈንቴ!” አለ። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት የሞተች ሴት ገዴራ ፎቅ ቤት ውስጥ ገብታ የተቀመጠች መሰለኝ። ይህን ሥራ እድሜ ልኬን ስሠራው ኖሬ ዛሬም ያስፈራኛል። ሰው በዙሪያው ባሉት ይታወቃል፤ እሱ ቢጠፋ እንኳ የቀሩት ያወጡታል።

ቆጠርኩ። በማታን እናት በኩልም ቢሆን፣ ማታንና ሬዑት እስከ ሰባት ቤት የትም አይገናኙም። ንጹሕ ነው። ሽማግሌዎቹ በሓኑካ በዓል ሳምንት መጥተው ሊጠይቁን ተቀጠረ። እሰይ፣ ደስ ብሎኛል።

ስንመለስ መኪና ውስጥ የሻሽወርቅ ጀመረችኝ። እንዲህ ናት፤ ዝም ያለ ነገር አይጥማትም።

“ዘሩንስ ቆጠርክ። ሓቫራውንስ ማን ቆጠረው?”

“ሓቫራ አያት የለውም” አልኳት።

“ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አይጠፋም ስንጥር። ጎረቤቴ ወጥ ቤቷን የሚያድስ ሰው አምጥታ፣ ግድግዳውን አፍርሶ ጠፋ። ሓቫራ አለኝ ይል ነበር። የሰጣትን ቁጥር ቢፈልጉት የማንም አይደለም!”

ሬዑት መሪውን ይዛ በመስታወት አየችኝ።

ማክሰኞ፣ ዴሴምበር 2

ግሩም ነገር አየሁ።

ቤኤር ቱቪያ ማሕሳን፣ መጋዘኑ፣ ውስጥ ዕቃ ስቀበል አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ሰነዱን ወደ ቢሮ አደርሳለሁ፣ እመለሳለሁ፤ ሼሊ ምን እንደምታደርግበት ጠይቄ አላውቅም። ሼሊ የሒሳቧ ልጅ ናት፤ ወላጆቿ የኛ ሰዎች፣ እሷ እዚህ የተወለደች። አማርኛዋ አንካሳ ነው፣ ልቧ ግን ደኅና ነው። ዛሬ ቆሜ አየኋት። ከወረቀቱ ላይ የሻጩን የግብር ቁጥር ኮምፒውተሩ ላይ ትጽፋለች፤ የድርጅቱ ስም፣ አድራሻ፣ ይሥራ አይሥራ፣ መዝገቡን በሕግ ይያዝ አይያዝ፣ ሁሉ ይወጣል።

“ይህን ለማየት ማን ፈቀደልሽ?” አልኳት።

“ማንም፣ ጋሼ ሰጠኝ። ፓቱዋሕ ነው፣ ክፍት። አንቺም ትችያለሽ።”

እኔን አንዳንዴ አንቺ ማለቷን ለምጄዋለሁ። የደነቀኝ ሌላው ነው። እኔ፣ ካርቶን የምሸከም ሰው፣ መንግሥትን “ይህ ነጋዴ ማነው?” ብዬ መጠየቅ እችላለሁ፤ መንግሥትም ይመልስልኛል! በአገራችን አንድ ነጋዴ ታማኝ መሆኑን ለማወቅ አባቴ በቅሎ ጭኖ ይሄድ ነበር። አፌን ይዤ ቀረሁ።

ሐሙስ፣ ዴሴምበር 4

ሼሊን ለመንኳት። “ማይም ሓሚም” ብላ ፈለገች። በገዴራ እንዲህ የሚባል የለም። በያቭነም የለም።

“ስም ምንም አይደለም። መኪና ላይ ሌላ ይጽፋሉ፣ መዝገብ ላይ ሌላ ነው። ሚስፓር፣ የግብር ቁጥሩን አምጣ” አለችኝ።

ለሬዑት አልነገርኳትም። ምን ብዬ?

እሑድ፣ ዴሴምበር 7

ማታን ዱዱን ሊጨርስ መጥቶ ጣሪያ ላይ ሳለ ወረድኩ። የጫማዬን ክር የማስር መስዬ መኪናው አጠገብ ቁጢጥ አልኩ። ክር የሌለው ጫማ ነው ያደረግሁት፤ ልብ ያልኩት ኋላ ነው። ቁጥሯ ዘጠኝ አሃዝ ናት። ስምንተኛዋን ግድግዳ ፍቋታል፤ አንድ ትመስላለች። አንድ ብዬ እጄ ላይ ጻፍኩ።

የታችኛዋ ጎረቤት በረንዳ ላይ ሆና “ሰጠኝ፣ ምን ጠፋብህ?” አለችኝ። “ምንም” አልኳት።

አፈርኩ። ሠርግ የሚጠራ ሰው እንደ ሌባ ጎማ ሥር።

ማክሰኞ፣ ዴሴምበር 9

ሼሊ ቁጥሩን ጻፈች። በቀይ መጣ። ሚስፓር ሎ ታኪን። ትክክል ያልሆነ ቁጥር።

እንዲህ ያለ ድርጅት የለም ማለት ነው። የሻሽወርቅ ልክ ነበረች። ልጄን ያዳነ እግዜር ይመስገን። አዘንኩ፤ በእውነት አዘንኩ።

ከሰዓት ሼሊ ማሕሳኑ ድረስ መጥታ “ዛሬ ምን አገኘህ፣ ጋሼ? ትዘፍናለህ” አለችኝ። አልዘፈንኩም። ዘፍኜ ከሆነም ጉሮሮዬን ልጠርግ ብዬ ነው።

ረቡዕ፣ ዴሴምበር 10

ለታዬ ደወልኩ። ወገቤን አሞኛልና የሽማግሌዎቹ ነገር ትንሽ ይቆይ አልኩት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፣ ምን ያስቸኩላል አልኩት።

“ወገብዎ ነው ወይስ ልብዎ?” አለኝ።

“ወገቤ ነው።”

“እግዜር ይማርዎ” ብሎ ዘጋው። ይህ ሰው ጥቂት ተናግሮ ብዙ ያስባል፤ አልወደድኩለትም።

ቅዳሜ ማታ፣ ዴሴምበር 13

ልጄ ሄደች።

ሰንበት እስኪወጣ ታገሠች፤ ከዚያ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። “አባ፣ ማታን ምን አጠፋ?” አለችኝ።

“ምንም አላልኩም።”

“እሱ ነው ነገሩ። ምንም አትልም።”

“ትንሽ ቆዩ ነው ያልኩ። እሱ የሚለው ሰው መሆኑን በምን አውቃለሁ?”

“ጠይቀው! ሰው ነው፣ አፍ አለው፣ ጠይቀው!”

“አይጠየቅማ! ወግ የለንም?”

ጮኽኩ መሰለኝ። እሷ አልጮኸችም። “የኔን ሰባት ቤት ትቆጥራለህ፣ እኔን ግን አትቆጥረኝም” አለችኝ፤ ይህን ከየት አመጣችው? ልብሷን በቦርሳ አድርጋ ያቭነ አክስቷ ቤት ሄደች። ስትወጣ በሩን በቀስታ ነው የዘጋችው። ብትወረውረው ይሻለኝ ነበር።

ቁጥሩን ልነግራት ነበር። አፌ ላይ መጥቶ ተመለሰ። ከነገርኳት፣ ጎማ ሥር ቁጢጥ ማለቴንም መንገር አለብኝ።

ገላዬን ታጠብኩ። ውሃው ትኩስ ነው፤ በሁለት ክረምት የመጀመሪያው። ሌባ ከሆነ ዱዱን ለምን እንዲህ አሳምሮ ጠገነው?

እሑድ፣ ዴሴምበር 14

የሓኑካ የመጀመሪያው ሻማ። ብቻዬን አበራሁ። ለማን ብዬ ልዘምር።

ማክሰኞ፣ ዴሴምበር 16

አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ሁለት ሴቶች ከኋላዬ ያወራሉ፤ እኔ መሆኔን አላወቁም። “ሰጠኝ የሰው ልጅ ለመዳር አንደኛ ነው” አለች አንደኛዋ። “የራሱን ግን ማን ከእጁ ያወጣታል?” ተሳሳቁ።

ሰው የማያውቀውን ሲያወራ ያስቀኛል። ለልጄ ብዬ ነው። ለማን ነው ታዲያ?

ማታ የሻሽወርቅ ደወለች። ሬዑት እንዴት ናት አልኳት።

“ትበላለች፣ ትሠራለች፣ አታወራም። አባቷን ቁርጥ።”

“አንቺ አይደለሽም ወይ ጠርጥር ያልሽኝ?”

“ጠርጥር አልኩህ እንጂ አኩርፍ አልኩህ? አንተ ሰውዬ፣ ሸዋነሽን የቀበርካት አንድ ጊዜ ነው። ቤቱ ውስጥ ያለችውን ደግሞ አትቅበር።”

ስልኩን ዘጋሁባት። መልሼ ደወልኩላት፤ ደኅና እደሪ አልኳት።

ሐሙስ፣ ዴሴምበር 18

ዛሬ የሆነውን በደንብ ልጽፈው።

ሼሊ ምሳዋን ትታ ወደኔ መጣች። ሰሞኑን ፊቴን ስታይ ነበር። “ጋሼ፣ የዚያ ሰውዬ ቁጥር ውሸት ነው ብለሃል እንዴ?” አለችኝ።

“ቀይ መጣ አይደል?”

“ቀይ ማለት ሌባ ማለት አይደለም! ቀይ ማለት አንተ ተሳስተህ ጽፈሃል ማለት ነው። ሌባ ሌባ መሆኑን ለማወቅ መጀመሪያ ቁጥሩ ቁጥር መሆን አለበት።” ከዚያ ወረቀት ሳበችና “ተዑዳት ዘሁትህን አምጣ” አለችኝ፤ መታወቂያዬን ማለቷ ነው። “ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች” አልኳት። “ማ?” አለች፤ ምን ማለቷ ነው። ተይው አልኳት።

አስተማረችኝ። የመጀመሪያውን አሃዝ በአንድ፣ ሁለተኛውን በሁለት፣ ቀጥሎ በአንድ፣ ቀጥሎ በሁለት፣ እያለ እስከ መጨረሻው ይባዛል። ከዘጠኝ በላይ የሆነ ሁለቱ አሃዝ እርስ በርሱ ይደመራል። ከዚያ ሁሉም ይደመራል። ድምሩ በዜሮ ካበቃ ቁጥሩ እውነት ነው፤ ካላበቃ አንድ ቦታ ተሳስቷል። የመጨረሻዋ አሃዝ ዝም ብላ የተጨመረች አይደለችም። የስምንቱ ምስክር ናት። ከፊቷ ያለው አንዱ ቢዛባ አላውቅም ትላለች።

በመታወቂያዬ ቁጥር ደመርኩ። ዜሮ! ከአውሮፕላን የወረድኩ ሰሞን አንዲት ጸሐፊ ስሜን እንዳይሆን አድርጋ አጣመመችው፤ እስካሁን ወረቀቴ ላይ ጠማማ ነው። ቁጥሬ ግን ይህን ሁሉ ዓመት በኪሴ ሆኖ ትክክል ነበር፣ እኔም አላውቅም።

ቤት ገብቼ የሸዋነሽን መታወቂያ ከመሳቢያ አወጣሁ። ደመርኩ። ዜሮ። ሸዋዬ፣ አንቺ የለሽም፤ ቁጥርሽ ግን አሁንም አይዋሽም። ጠረጴዛው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ፤ ከሐዘን ይልቅ መደነቅ ነበር።

ከዚያ የማታንን ቁጥር ጻፍኩ። ስምንተኛዋ ላይ አንድ ብዬ የጻፍኳት ዜሮ አልሰጥ አለች። ለካ አንድ አይደለችም! ግድግዳ የፋቃትን ቦታ ባዶ ተውኩና ከዜሮ እስከ ዘጠኝ ያለውን አንድ በአንድ አገባሁ። አይሆንም፣ አይሆንም፣ አይሆንም፤ አራት ሲገባ ዜሮ ሆነ። ወደ ላይም ሞከርኩ፤ ሌላ የሚሆን የለም። አንዲት ብቻ ናት የምትገባ። ክንዷ ተፍቆ እግሯ የቀረ አራት ናት እኔ አንድ ያልኳት።

ፈንቴን አስታወስኩ። በዚህ በኩል የጠፋችውን በዚያ በኩል ያሉት አመጧት። እኔ ይህን ጥበብ አባቴ ብቻ ያስተማረኝ፣ የኛ ሰው ብቻ የሚያውቀው ይመስለኝ ነበር። የዚህ አገር ቁጥርም እንዲህ ተቆጥሮ ኖሯል፤ አንዱ ቢጠፋ የቀሩት እንዲያወጡት። ይህን ያሰበ ሰው ማን ይሆን? እጁ ይባረክ።

አንድ ነገር ግን ልጻፍ፤ ካልጻፍኩት እንቅልፍ አይወስደኝም። አራት ላይ ስደርስ፣ ዜሮውን ሳየው፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ አልነበረም።

እሑድ፣ ዴሴምበር 21

ጠዋት፣ ማንም ሳይገባ፣ ሼሊ “አንተ ጻፈው” ብላ ወንበሯን ለቀቀችልኝ። በአንድ ጣቴ ጻፍኩ። አምስት፣ አንድ፣ እያልኩ እስከ ምስክሯ። ቀይ አልመጣም።

ስም መጣ። ዕብራይስጥ ሳነብ እንደማዘግም ሼሊ ታውቃለች፤ እኔ ግን ይህን ስም ፈጥኜ አነበብኩት። አላመንኩትም።

“አንብቢልኝ” አልኳት።

“ሼቫነሽ ሓይሙም፣ ባዓም” አለች፤ ሼቫነሽ ማሞቂያ፣ ኃላፊነቱ የተወሰነ ድርጅት ማለት ነው። “ፔዒላ፣ ትሠራለች። ገዴራ ናት። ጥፋት የለባትም።” ሌላ ገጽ ከፈተች። “ግብሯም ቤሰደር፣ ደኅና ነው፣ መዝገቧን ትይዛለች። ያላ፣ ጋሼ፣ ማዘል ቶቭ፣ እንኳን ደስ ያለህ!” ከዚያ ፊቴን አየችና ድምፅዋ ወረደ። “ሼቫነሽ ማን ናት?”

“ሸዋነሽ” አልኳት፤ አረምኳት። “ሚስቴ ናት።”

ሼሊ እጇን አፏ ላይ አደረገች። እኔ ስክሪኑን ነካሁት፣ እንደ ሞኝ። የሚስቴ ስም በመንግሥት መዝገብ ውስጥ ተቀምጧል። ትሠራለች ይላል። ጥፋት የለባትም ይላል።

“ባለቤቶቹ እነማን እንደሆኑ ማየት ይቻላል” አለች ሼሊ። “ትንሽ ክፍያ አለው፣ እኔ እከፍላለሁ።”

“ተዪው” አልኩ። “የቀረውን ከሰው አፍ ነው የምሰማ።”

ሰኞ፣ ዴሴምበር 22

ትናንት ከሥራ በቀጥታ በአውቶቡስ ያቭነ ሄድኩ። ዝናብ ነበር። የሻሽወርቅ በሩን ከፍታ አየችኝና እጄን ይዛ አስገባችኝ። ሬዑት ሳሎን ነበረች። የመጨረሻው የሓኑካ ሻማ በርቶ፣ ዘጠኙም ይነድዳሉ።

ሳልቀመጥ ጠየቅሁ። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰውን ስለ ራሱ ራሱን ጠየቅሁ።

“ሬዑት፣ የማታን ድርጅት ለምን በእናትሽ ስም ተጠራ?”

ፊቷ ነጣ። “እንዴት አወቅህ?”

ሁሉን ነገርኳት። ሼሊን፣ ቀዩን፣ አራቷን። ክር የሌለው ጫማ ጋ ስደርስ የሻሽወርቅ ወጥ ቤት ገብታ ሳቀች፤ ተሰማን። ሬዑት አልሳቀችም።

“የማታን ብቻ አይደለም፣ አባ። እኩሌታው የኔ ነው። ሁለት ዓመት ሆነን። ቧንቧውን እሱ፣ ሒሳቡን እኔ።”

ጎበዝ ሰው ያለኝ እሷን ኖሯል። እኔ የገዛ ልጄን ስሰልል ከርሜአለሁ።

“ለምን አልነገርሽኝም?”

“ልነግርህ ስል ሁሌ ‘የት ትሄጃለሽ፣ መቼ ትመጫለሽ’ ነበር። እማማ ከሞተች ወዲህ በር በከፈትኩ ቁጥር ፊትህ ይጠቁራል። እንዴት ብዬ ልንገርህ?”

ወግ ብዬ የያዝኩት ነገር ፍርሃት ኖሯል፤ ልጄ ከሄደች ቤቱ ውስጥ ማን ይቀራል የሚል ፍርሃት። ሴቶቹ አውቶቡስ ማቆሚያ ላይ ከኔ ቀድመው ያውቁት ነበር።

ከዚያ የቀረውን ነገረችኝ። በእናቷ የመጨረሻ ክረምት፣ እኔ ማሕሳን በዋልኩበት አንድ ዓርብ ዱዱ ተበላሸ። ሸዋነሽ ሕመሙ በርትቶባት ትኩስ ውሃ ብቻ ነበር የሚያስታግሣት። ሬዑት ብትደውል ብትደውል፣ ሰንበት ሊገባ ነው ብሎ ሁሉም እምቢ አለ። አንድ ተቀጣሪ ልጅ ግን በዝናብ መጣ፤ ጣሪያ ወጥቶ አስተካከለው፣ ራሱ እርጥብ ሆኖ። ለዚህ ነው መውጫውን ሳላሳየው ያገኘው።

“እማማ ሶፋ ላይ ሆና ጠራችው” አለች ሬዑት። “ምን እንዳለችው ታውቃለህ? ‘የማን ልጅ ነህ?’ አለችው።”

“ራሱን?”

“ራሱን! እሱም የታዬ ልጅ ነኝ አላት። አባቱን፣ አያቱን፣ የሚያውቀውን ያህል እስከ አራት ቆጠረላት። ከዚያ ‘የቀረውን ሰጠኝ ይቆጥርልሃል’ አለችው።”

ሸዋነሽ! ሞትን ፊት ለፊት እያየሽ ወጉን አፍርሰሽ ጠይቀሽዋል። ሥራውንም አስቀርተሽልኛል፣ እስከ ሰባት እንድጨርሰው። እኔ አራት ዓመት ሙሉ ስጽፍልሽ፣ አንቺ መልሱን ጣሪያዬ ላይ አስቀምጠሽው ኖሯል። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

የሻሽወርቅ ሻይ ይዛ መጣች። “ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል” አለችኝ። “አንተ ግን ልጅህ ሳትቀርብህ ተናገርክ። በል ጠጣ፣ እርሰሃል።”

ሬዑት ራሷን ትከሻዬ ላይ አደረገች። እርጥብ ነኝ አልኳት። ቤሰደር፣ አባ አለችኝ።

ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 1

ሽማግሌዎቹ መጡ። ታዬ በሩ ላይ እጄን ይዞ “ወገብዎ ዳነ?” አለኝ። “ልቤም ዳነ” አልኩት። ስቆ አያውቅም ሲሉኝ ነበር፤ ሳቀ።

ቆሜ ሰባቱን ቤት በሁለቱም በኩል ቆጠርኩ። የታዬ እናት ወገን ስድስተኛው ቤት ላይ ፈንቴን ስጠራ ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ሸዋነሽ ላይ ነው የተንቀጠቀጠ። ማታን ልብሱን አሳምሮ አንገቱን ደፍቶ ይሰማል። ስጨርስ “ልጄን ሰጥቻለሁ” አልኩ። እልልታው ደረጃው ድረስ ወረደ፤ የታችኛዋ ጎረቤትም መጣች።

ቤቱ ባዶ ይሆናል። ይሁን። እፈራለሁ፤ ይህንንም ለሬዑት ነግሬአታለሁ። በሳምንት ሁለት ቀን ራት ትመጣለች፤ ዓርብ ዓርብ ደግሞ እኔ ገዴራ እሄዳለሁ። ታዬ የሚቆጠርለት ሰው ሲመጣ ጥሩኝ ብሎኛል፤ መማር ይፈልጋል።

እሑድ፣ ጃንዋሪ 4

ማታን ጠዋት ዕቃ ሊያወርድ መጣ። እሱ ፎቅ ሲወጣ እኔ ጥቁር ቀለምና ቀጭን ብሩሽ ይዤ ወረድኩ። ዛሬ ጫማ ማሰር አላስፈለገኝም። በሰው ፊት፣ በጠራራ ፀሐይ ቁጢጥ አልኩ።

የአራቷን ክንድ መለስኩላት። እጄ ትንሽ ዘነበለች፤ ግን ማንም አንድ አይላትም። ከላይ እስከ ታች አንዴ በቃሌ ደመርኳት። ዜሮ።

ሬዑት ከበረንዳ አየችኝ። “አባ! ምን እያደረግህ ነው?” ብላ ጮኸች። ጎረቤቷም ብቅ አለች።

“የእናትሽን ስም እየጻፍኩ ነው” አልኳት።